አምስት ክንድ ብርሃን

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በቪዲዮ ካሜራ ፎቶ ስለ ማንሳት፣ በተለይም ስለ ፍላሹ አጠቃቀም እንነጋገራለን። በብቸና፣ በሞጣ፣ በደብረ ወርቅና በዙሪያቸው ባሉት ቀበሌዎች ሰርግ፣ ክርስትናና ምርቃት የምትቀርጹ ወጣቶች፣ ካሜራችሁን ከቦርሳው አውጥታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። እየሰማችሁ ብትነካኩት ይሻላል። ካሜራ የሌላችሁም አብራችሁን ቆዩ፤ ለፎቶ የሚቆም ሰውም የሚጠቅመው ነገር አለ።

ርዕሱን የመረጥነው በምክንያት ነው። በእኛ አካባቢ ብዙ ቤተሰብ የደስታውን ቀን ያስቀመጠው በካሴትና በሲዲ ነው። ሰርግ ሲደገስ ካሜራማን ይጠራል። ሙሽራው ከቤት ሲወጣ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ፣ ሁሉም ይቀረጻል። ዓመታት ያልፉና ከዚያ ቤት እናት ወይም አባት ያርፋሉ። ለለቅሶው ፎቶ ይፈለጋል። የሚገኘው መታወቂያ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ ብቻ ይሆናል። ያቺ ትንሽ ምስል ፎቶ ቤት ተወስዳ ስትተልቅ ዓይኑም አፍንጫውም ይደበዝዛል። እኒያ እናት በልጃቸው ሰርግ ቀን ግን ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ ካሜራው ፊት ሲስቁ ውለው ነበር። ካሜራው ላይም «ፎቶ» የሚል ቁልፍ ነበረ። ማንም አልተጫነውም።

ይህ ቁልፍ ድሮ አልነበረም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ያወጣው ቤታሙቪ የተባለው የትከሻ ካሜራ የቀረጸውን መልሶ ማሳየት እንኳ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ዲቪ የሚባለው ዲጂታል አቀራረጽ ከመጣ በኋላ ግን የፎቶ ቁልፍ በእጅ ካሜራዎች ላይ የተለመደ ሆነ። ሚኒ ዲቪ የምንላት ትንሿ ካሴት የዚያ ዘመን ናት። በመጀመሪያዎቹ ካሜራዎች ፎቶው የሚቀመጠው እዚያው ካሴቱ ላይ ነበር፤ ቁልፉ ሲጫን ምስሉ ባለበት ቀጥ ብሎ ለ7 ሰከንድ ያህል ከነድምፁ ይቀረጻል። በኋላ ሚሞሪ ካርድ የሚወስዱት መጡ። እነዚህ ካሴት ወይም ሚሞሪ የሚያስመርጥ መቀየሪያ አላቸው። ፎቶ አነሳሁ ብሎ ካርዱን ሲከፍት ባዶ የሚያገኝ ሰው ብዙውን ጊዜ መቀየሪያው ካሴት ላይ እንዳለ የተጫነ ነው። ፎቶው አልጠፋም፤ ካሴቱን መልሶ ቢያጫውት ያገኘዋል።

ከዚህ ካሜራ ምን ያህል የጠራ ፎቶ እንጠብቅ? አገራችን በምትጠቀምበት ፓል በሚባለው ሥርዓት፣ ዲቪ ካሴት ላይ የሚያርፈው ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው። ሲባዛ ከግማሽ ሚሊዮን ያንሳል። ወደ ካርድ ከሚያስቀምጡት የካሴት ካሜራዎች ብዙዎቹ ደግሞ 640 በ480 ይሰጣሉ። ጥርት ላለ ህትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል። በዚህ ሒሳብ 640 በ480 የሆነው ፎቶ የሚበቃው 5 በ4 ሳንቲ ሜትር ለምታህል ወረቀት ነው። ለ3 በ4 ጉርድ ፎቶ አያንስም። ጥራቱ በግማሽ ቢወርድ አይከፋኝም ካላችሁ 11 በ8 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያስኬዳል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ግን አይሆንም፤ ይህንንም ለደንበኛችሁ ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት ንገሩት። ፉል ኤችዲ ካሜራ ያላችሁ 1920 በ1080፣ ማለት 2 ሚሊዮን ነጥብ ስላላችሁ 10 በ15 ፎቶ ያለ ችግር ታወጣላችሁ። ምስሉ ወደ ጎን የረዘመ በመሆኑ ግን 10 በ15 ወረቀት ላይ ሲታተም ከየጎኑ 8 በመቶ ያህሉ ይቆረጣል። ዳር የቆመችው ሚዜ ትከሻዋ የሚቀረው ለዚህ ነው። ሰዎቹን ወደ መሀል ሰብስቡና ግራና ቀኙን ባዶ ተዉት።

ካሜራ ስትገዙ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የፎቶ ሜጋፒክሰል አትመኑት። አንዳንዱ ካሜራ ትንሹን ምስል በራሱ ለጥጦ ትልቅ ነው ይላል፤ ነጥቡ ይበዛል እንጂ ያልታየ የፊት መስመር አይጨመርም። ዲጂታል ዙምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከሜኑው ግቡና ዝጉት። ነጥቡ ትንሽ የሆነ ካሜራ የያዘ ሰው ነጥቡን በሰማይና በድንኳን ጣሪያ ላይ መጨረስ የለበትም። ቀረብ ብሎ ፊትን ማንሳት አለበት።

መቅረብ ካልን ፍላሹ መጣ።

የካሜራው ባትሪ የሚሰጠው ጥቂት ቮልት ነው። ፍላሹ ውስጥ ያለው ኮንደንሰር ግን ኤሌክትሪኩን እስከ 300 ቮልት ገደማ ያጠራቅምና፣ ዜኖን የሚባል ጋዝ ባለበት ትንሽ ቱቦ ውስጥ ባንድ ጊዜ ይለቀዋል። ብልጭታው የሚቆየው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ያነሰ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በራሪ ጥይትንና የምትንጠባጠብ ወተትን አየር ላይ እንዳሉ ያነሳቸው በዚሁ ዓይነት ብልጭታ ነው። እዚህ ላይ ለጥገና ባለሙያዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ባትሪውን ብታወጡትም ኮንደንሰሩ የያዘውን ቶሎ አይለቅም። ፍላሽ ያለውን ካሜራ ያለ ልምድ በብሎን መፍቻ አትክፈቱ፤ ክፉኛ ይመታል።

በስክሪኑ ላይ የመብረቅ ቅርጽ ያላት ምልክት አለች። ብልጭ ድርግም ካለች ፍላሹ እየሞላ ነው፤ ረግታ ስትቆም ደርሷል። ሳትረጋ የተነሳ ፎቶ ጨለማ ይሆናል። ደግሞም ፍላሹ የሚሠራው ለፎቶ ብቻ ነው። ቪዲዮ እየቀረጻችሁ ሳለ አብዛኛው ካሜራ ፍላሹን አያበራም፤ ለቪዲዮ የምትበራዋ ትንሽ መብራት ሌላ ናት፣ ባትሪም ትጨርሳለች። መብራት በሚጠፋበት ቀን ባትሪያችሁን ለየትኛው እንደምታውሉት አስቀድማችሁ ወስኑ።

አሁን ዋናው ነገር። በእጅ የሚያዝ ቪዲዮ ካሜራ ላይ ያለ ፍላሽ የሚደርሰው እስከ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በክንድ ብትለኩት አምስት ክንድ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ብርሃን አያገኝም። ማታ ኩራዝ በበራበት ቤት ኩራዙ አጠገብ የተቀመጠው ፊቱ ወለል ብሎ ሲታይ ግድግዳውን የተደገፈው ጥላ ብቻ ይሆናል፤ ፍላሽም እንደዚያ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ የሚወርደው ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን አንድ ዘጠነኛ ብቻ ይቀራል። ዙም ስታደርጉ ደግሞ የብዙዎቹ ካሜራዎች ሌንስ የሚያስገባው ብርሃን ስለሚቀንስ አምስቱ ክንድ ወደ አራት፣ ወደ ሦስት ይወርዳል። በፍላሽ ስታነሱ ዙሙን መልሱና በእግራችሁ ቅረቡ።

በጥምቀት ዋዜማ ማታ ሰዉ ከሩቅ ሆኖ ወደ ድንኳኖቹ ፍላሽ ሲያበራ አይታችኋል። ከ30 ሜትር የተነሳ ፎቶ ላይ የሚደርሰው ብርሃን በአምስት ክንድ ርቀት ካለው 144 ጊዜ ያንሳል፤ ምንም ማለት ነው። እንዲያውም ይጎዳል። ካሜራው «ፍላሽ አለኝ» ብሎ የመዝጊያውን ጊዜ ያሳጥርና በቦታው የነበረውን የጧፍና የአምፖል ብርሃን ሳይቀበል ይቀራል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፍላሹን አጥፉ፤ ካሜራውን ስታንድ ላይ ወይም አጥር ላይ አስደግፉ፤ ትንፋሻችሁን ያዙና ተጫኑ።

አጫጫኑም ሥርዓት አለው። የፎቶ ቁልፉ ሁለት እርከን አለው። በመጀመሪያ ግማሽ ድረስ ቀስ ብላችሁ ጫኑና ያዙ፤ ካሜራው ፎከሱን ያስተካክላል፣ ብርሃኑን ይለካል፣ ከዚያ አረንጓዴዋ ነጥብ ትረጋለች፤ ብዙ ካሜራ ጢጥ ይላል። ያን ጊዜ እስከ መጨረሻው ጫኑት። አንድ ጊዜ ጥርግ አድርጎ የሚጫን ሰው እጁ ይንቀሳቀሳል፣ ፎከሱም አይደርስም፤ የሚወጣው ፎቶ ሰውየውን ትቶ ከኋላው ያለውን ቆርቆሮ አጥርቶ ያሳያል። ከመጫናችሁ በፊት የቀኝ እጃችሁ ጣት የፍላሹን መስታወት እንዳልሸፈነ እዩ። ትንሽ ካሜራ ላይ ይህ ሁልጊዜ የሚያጋጥም ነው።

ፍላሽ የማታ ዕቃ ብቻ ይመስለናል። በእኛ አገር ግን ይበልጥ የሚያስፈልገው እኩለ ቀን ላይ ነው። ብቸናና ሞጣ ከፍታቸው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ንጹሕ፣ ፀሐዩም ብርቱ ነው። ሚያዝያ 10 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ በእነዚህ ከተሞች አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ያን ሰዓት ሜዳ ላይ የቆመች ሙሽራ ዓይኗ ከቅንድቧ ጥላ በታች ይገባል፤ ፎቶው ላይ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ይወጣል። ጃንጥላ ወይም ባርኔጣ ካለ ፊት ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። መፍትሔው ከሦስት እስከ አራት ክንድ ቀርቦ ፍላሹን በግድ ማብራት ነው። በራሱ ፈቃድ ሲተው፣ ካሜራው ውጭው ብሩህ ነው ብሎ ፍላሹን አያበራም፤ እናንተ ከሜኑው ሁልጊዜ እንዲበራ ታዙታላችሁ። ብልጭታው ዓይን ውስጥ ያለውን ጥላ ይሞላል፤ ዓይን ላይም ትንሽ የብርሃን ነጥብ ያስቀምጣል። ሙከራው ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ጃንጥላ አስይዙና አንዴ ያለ ፍላሽ፣ አንዴ በፍላሽ አንሱት።

የሰርግ ዳስ ሌላ ጣጣ አለው። ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበት ዳስ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ሰማያዊ ነው፤ የእንጀራው መልክ ይለወጣል፣ የሰዉም ፊት የታመመ ይመስላል። ቪዲዮው ላይ ዋይት ባላንሱን በነጭ ነጠላ ላይ አስተካክሉት። ለፎቶ ግን ቀርቦ ፍላሽ ማብራት ይበልጣል፤ የፍላሽ ብርሃን የቀን ብርሃን መልክ ስላለው ፊትን ወደ ራሱ ቀለም ይመልሰዋል። አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ነጭ ጋቢና ነጭ ነጠላ ካሜራን ያሞኛሉ። ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ጋቢው አምሮ ፊቱ ይጠቁራል። የኛ ሰው ፊት ጠይም ነው፣ ልብሱ ደግሞ ነጭ፤ ካሜራው ይህን አያውቅም፣ የሚያውቀው ካሜራማኑ ነው። ፊቱን በስክሪኑ ላይ ተመልከቱና ብርሃኑን በአንድ እርከን ጨምሩ፤ የፍላሽ ኃይል መጨመሪያ ያለው ካሜራ ከሆነም ከፍ አድርጉት። የጀርባ ብርሃን ማስተካከያ የምትባለዋ ቁልፍም ለዚሁ ትሆናለች። ጋቢው ትንሽ ቢነጣ አይጎዳም፤ ፊት ነው የሚፈለገው።

ወደ ቤት ውስጥ እንግባ። ጭቃ ምርግ ቤት፣ አንድ በር፣ ምናልባት አንዲት ትንሽ መስኮት። አሮጊቷ እናት መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እዚህ ፍላሽ ቢበራ ፊታቸው ይነጣል፣ ከኋላቸው ያለው ጭለማ ይሆናል፣ በግድግዳው ላይም ጥቁር ጥላ ይለጠፋል። ቡና እየተፈላ ዕጣን ከተጨሰ ደግሞ ብልጭታው ሌንሱ ፊት ያለውን ጭስ ይመታና ፎቶው ሁሉ ጉም ይለብሳል። ፍላሹን አጥፉት።

«እማማ፣ ትንሽ ወደ በሩ ይጠጉልኝ። ዱካውን እኔ አመጣዋለሁ።»

«እዚህ ነው ልጄ? ፀሐዩ እንዳይመታኝ።»

«አይመታዎትም፤ ከደፉ ወደ ውስጥ ይሁኑና ፊትዎን ብቻ ወደ ውጭ ያዙሩልኝ። አዎ፣ እንደሱ። እጅዎን ጉልበትዎ ላይ ያድርጉት።»

ይኸው ነው። በሩ ትልቅ፣ ለስላሳ መብራት ሆነላችሁ። እናንተ በበሩ በኩል ብርሃኑን ሳትከልሉ በጎን ቁሙ። የፊታቸው አንዱ ወገን ይበራል፣ ሌላው ቀስ እያለ ወደ ጥላ ይሄዳል፣ የመጨማደዱ መስመር ሁሉ ይታያል። በፍላሽ ይህን አታገኙትም። በአምስት ክንድ ውስጥም ቢሆን ፍላሽ መቼ እንደማይበራ ያወቀ ሰው ነው ፍላሽ የሚችለው ብዬ አምናለሁ።

ፍላሽ የግድ ሲሆን ግን ለአዛውንት ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ «አሁን ብልጭ ይላል» በሏቸው። ሳይነገራቸው ሲበራባቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ይደነግጣሉም። መነጽር ያደረገ ሰው ፊቱን በጥቂቱ ወደ ጎን ያዘንብል፤ አለዚያ መስታወቱ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ይወጣል። ሕፃን ልጅ ፊት ላይ በቅርብ አታብሩ። በፈረስ ለሚጋልቡም አታብሩ፤ ፈረስ ይበረግጋል፣ ሰው ይጎዳል።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ያሠሩት ሞጣ ጊዮርጊስም ሆነ በአካባቢው ያሉት ጥንታውያን ገዳማትና አድባራት የጸሎት ቦታዎች ናቸው። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት አስተዳዳሪውን ወይም ገበዙን አስፈቅዱ። ቢፈቀድላችሁም ግድግዳ ላይ ላለ ሥዕልና ለብራና መጽሐፍ ፍላሽ አታብሩ። ብርሃን የጥንት ቀለምን እያደር ያደበዝዛል፤ ከዚያም በላይ የብራናው ገጽ ብልጭታውን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ጽሕፈቱ በነጭ ነጸብራቅ ተሸፍኖ ይወጣል። በመስኮት በኩል በሚገባ ብርሃን፣ በስታንድ ነው ብራና የሚነሳው።

ሁለት ባለሙያዎች አንድ ሰርግ ላይ ሲገናኙ ስለሚፈጠረው ችግርም ላንሳ። አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ ሌላው ቪዲዮ ይቀርጻል። የፎቶው ፍላሽ ሲበራ በአዳዲሶቹ ካሜራዎች ቪዲዮ ላይ የምስሉ ግማሽ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ የቀረው ደህና ነው። ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም። ሲሞስ የሚባለው የካሜራ ዓይን ምስሉን መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ ብልጭታው ግን እሱ አንብቦ ሳይጨርስ መጥቶ ይሄዳል። ሲሲዲ የነበራቸው የድሮዎቹ ካሜራዎች ምስሉን ባንድ ጊዜ ስለሚይዙ ሙሉው ይነጣ ነበር እንጂ አይቆረጥም። ቀለበት ሲታሰርና ሽማግሌ ሲመርቅ ማን መቼ እንደሚያበራ አስቀድማችሁ ብትስማሙ ለሁለታችሁም ይበጃል።

በመጨረሻ ካሴት ያስቀመጣችሁ ቤተሰቦች። ከአሮጌ የሰርግ ካሴት ውስጥ የአንድ ሰው ፎቶ ሊወጣ ይችላል። ካሴቱ ይጫወትና ሰውየው ጸጥ ብሎ የቆመበት ቦታ ላይ ይቁም። እስክስታ እየመቱ ያሉበት አይሆንም፤ ቪዲዮ እያንዳንዱን ምስል የሚይዘው ብዙውን ጊዜ በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ስለሆነ ትከሻው ይደበዝዛል። በዚያ ላይ የካሴት ቪዲዮ አንዱን ምስል የሚሠራው ከሁለት ግማሾች ነው፤ በሁለቱ መካከል ሰውየው ከተንቀሳቀሰ የፊቱ ጠርዝ የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላል። ኮምፒውተር ላይ አንደኛውን ግማሽ በማስወገድ ይስተካከላል። በመመገብ ላይ ያሉበትን፣ በንግግር አፋቸው የተከፈተበትን ዝለሉት፤ ምርቃት ሲሰጥ እጃቸውን ዘርግተው «አሜን» የሚሉበት ጊዜ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ሰው ያን ጊዜ ይረጋጋል። ካርድ የሚወስድ የሚኒ ዲቪ ካሜራ ከሆነ ካሴቱ ቆሞ ሳለ የፎቶ ቁልፉን ስትጫኑ ምስሉ ወደ ካርዱ ይገለበጣል። በኮምፒውተር ከሆነ ፋየርዋየር በሚባለው ገመድ ካሴቱን ሙሉውን ገልብጡና ከዚያ ምረጡ።

ሚኒ ዲቪ ካሜራ መመረቱ ከቀረ ቆይቷል፤ ያሉትም ካሴቱን የሚያነበው ሄድ የሚባለው ክፍላቸው እያለቀ ነው። ስለዚህ ወደ ባለሙያ ስትሄዱ የትኛው ሰው እንደሚፈለግ፣ ምን እንደለበሰ፣ በካሴቱ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሚታይ በወረቀት ጽፋችሁ ውሰዱ። ካሴቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በተጠመዘዘ ቁጥር ካሜራውም ክሩም ይጎዳል። ካሴቶቹን ከጭስና ከእርጥበት አርቃችሁ፣ እስከ መጨረሻው ጠምዝዛችሁ፣ በየሣጥናቸው ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን ስለ ድምፅ ይሆናል፤ ነፋስ በማይክ ላይ ሲያፏጭ ምን እንደሚደረግ እናያለን።